ከካር ሲቱ በፊት መኪናው ይታይ፦ የአንድ የደብረ ብርሃን ቤተሰብ ጉዳይ

ይህ በደብረ ብርሃን ከተማ የሚኖሩና የመጀመሪያ ልጃቸውን ይጠብቁ የነበሩ ባልና ሚስት ጉዳይ ነው። ስማቸው እንዲጠራ አልፈለጉም፤ የሆነውን ግን ሌላ ወላጅ ቢያነበው ይጠቅማል ብለው እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አውቶሞቲቭ ስለማስተምር፣ የመኪና ነገር ሲነሳ የሰፈሩ ሰው ወደ እኔ ይመጣል።

ልጅቷ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ትወለዳለች ተብላ ትጠበቅ ነበር። ሴት መሆኗ ስለታወቀ ክርስትናዋ በ80 ቀኗ፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ እንደሚውል ቤተሰቡ አስቀድሞ ቆጥሮታል። ክርስትና የምትነሳው የሚስትየው እናት በሚኖሩበት በደብረ ሲና ነው። እንግዲህ ሕፃኗን ሁለት ጉዞ ይጠብቃታል። አንዱ ከሆስፒታል እስከ ቤት ያለው አጭር መንገድ ነው። ሌላው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጣርማበርን አልፎ የሚወርደው መንገድ ነው። ያንን መንገድ የሄደበት ሰው ለምን እንደተጨነቅን ይገባዋል። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ተገብቶ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ከፊት የሚታየው ጉም ብቻ ነው፤ ከጉሙ ውስጥ ደግሞ የጫነ ከባድ መኪና በድንገት ብቅ ይላል።

ባልየው ስለ ካር ሲት፣ ማለትም ሕፃን መኪና ውስጥ ታስሮ ስለሚቀመጥበት መቀመጫ፣ ይዞልኝ የመጣው ጥያቄ "ጋሼ፣ ከነቤዙ ነው ወይስ ያለ ቤዝ የሚሻለው?" የሚል ነበር። ቤዝ መኪናው ውስጥ ታስሮ የሚቀረው መደብ ነው። መቀመጫው ከላዩ ቀጭ ብሎ ይቆለፍበታል፤ ሲፈለግ ሕፃኑ ሳይቀሰቀስ ከነመቀመጫው ይነሳል። ሜሪላንድ ያለችው እህቱ ጋሪ፣ መቀመጫና ቤዝ አብሮ ያለበት ሙሉ ዕቃ ልትልክለት ተዘጋጅታለች። አንድ የሥራ ባልደረባው ደግሞ ልጁ ያደገበትን አሮጌ መቀመጫ በነፃ ልስጥህ ብሎታል። ሁለቱንም በስልኩ ፎቶ አሳየኝ። እኔም መኪናውን አምጣውና እንይ አልኩት። ካር ሲት ብቻውን ተይዞ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው አይባልም። ከመኪናው ወንበርና ከመኪናው ቀበቶ ጋር በትክክል ካልገጠመ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ሕፃኑን አያድንም።

ኮሮላዋ ምን አላት?

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራች ኮሮላ ናት። የኋላ ወንበሯ በወፍራም የወንበር ልብስ ተሸፍኗል፤ የቀበቶዎቹ መቆለፊያዎች ከልብሱ ሥር ተቀብረዋል። ይህ በአገራችን መኪኖች ላይ ደጋግሜ የማየው ነገር ነው። የኋላ ቀበቶ የሚያስር ሰው ስለሌለ ልብስ ሰፊው መቆለፊያውን ሸፍኖት ያልፋል፣ ባለቤቱም አይጠይቅም። ልብሱን አውልቀን መቆለፊያዎቹን አወጣን። ቀኝና ግራው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ነው፤ ማለትም ወገብንና ትከሻን ይይዛል። መሃሉ ያለው ወገብ ብቻ የሚይዝ ነው።

ቀጥሎ በወንበሩ መደገፊያና መቀመጫ መጋጠሚያ ውስጥ እጃችንን አስገብተን አይሶፊክስ ፈለግን። አይሶፊክስ ከመኪናው አካል ጋር የተበየዱ፣ በመሃላቸው 28 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ያላቸው ሁለት የብረት ማንጠልጠያዎች ናቸው። ዘመናዊ ቤዝ በሁለት መንጋጋዎቹ እነዚህን ነክሶ ይይዛል። አሜሪካኖች ለራሳቸው መኪኖች "ላች" የሚሉት ተመሳሳይ ነገር አላቸው፤ እዚያ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2002 ጀምሮ በአዲስ የቤት መኪና ላይ ግዴታ ሆኗል። ኮሮላዋ ውስጥ ያገኘነው ስፖንጅና አቧራ ነው። ይህ ብቻውን የአይሶፊክስ ቤዝ ጥያቄን ዘጋው። አሁን በከተማው እየበዙ ካሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ማንጠልጠያው አላቸው፤ የእነሱ ባለቤቶች መልስ ከዚህ የተለየ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ቀበቶዎቹን ፈተንን። ቀበቶ ቀስ ተብሎ ሲሳብ መለቀቅ፣ በድንገት ሲጎተት መያዝ አለበት። የቀኙ በደንብ ያዘ። የግራው ይይዛል፣ ግን ተመልሶ አይጠቀለልም፤ የዓመታት አቧራና ላብ አድርቆታል። በለብታ ውሃና በቀላል ሳሙና አጥበን በጥላ ስናደርቀው ተመለሰ። ክሩ የተበላ ወይም የተቀደደ ቢሆን ኖሮ ግን የሚጠገን ነገር ስላልሆነ መቀየር ነበረበት። የግራው ሌላም ችግር ነበረው። መቆለፊያው ረጅም አንገት አለው፤ በመቀመጫ ላይ ተደግፎ ሊጎብጥ ይችላል። የጎበጠ መቆለፊያ ደግሞ በግጭት ጊዜ ሊሰበር ወይም ሊከፈት ይችላል። ስለዚህ የሕፃኗ ቦታ ከኋላ በስተቀኝ እንዲሆን ወሰንን። ከዚህም በላይ የቀኙ በር ወደ እግረኛ መንገድ የሚከፈት ነው፤ እናትየው ልጇን ስታስገባና ስታወጣ ጀርባዋን ለመኪና አትሰጥም።

የፊት ወንበር ከመጀመሪያውም ምርጫ ውስጥ አልገባም። ሕፃን ወደ ኋላ ዞሮ የሚቀመጥበት ካር ሲት የሚሠራ ኤርባግ ካለበት ወንበር ላይ ፈጽሞ አይደረግም። ኤርባጉ ሲፈነዳ የሚመታው በቀጥታ የመቀመጫውን ጀርባ፣ ማለትም የሕፃኑን ጭንቅላት ነው።

የእህት ስጦታና የቀበቶው ምስጢር

ስጦታን መመለስ ከባድ ነው። እህትየው በትርፍ ሰዓት ሠርታ ካገኘችው ገንዘብ ነው የምትገዛው፤ ወንድሟ ደግሞ "አይሆንም" የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣ አለው። እኔ ግን ስለ አሜሪካው ዕቃ የማውቀውን ነገር በግልጽ መናገር ነበረብኝ፤ ብዙ ቤተሰብ ከውጭ የመጣ ዕቃ ሁሉ እዚህም እንደዚያው ይሠራል ብሎ ስለሚያስብ።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ወዲህ የተሠሩ የቤት መኪኖች የተሳፋሪ ቀበቶ የልጅ መቀመጫን አጥብቆ የሚቆልፍበት መላ እንዲኖረው ሕጋቸው ያስገድዳል። በብዙዎቹ ላይ ቀበቶው እስከ መጨረሻው ተስቦ ሲለቀቅ "ቀጭ ቀጭ" እያለ ይጠቀለላል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አይንቀሳቀስም። ቤዙ በዚህ ተጨምቆ ይቀራል። በዚህች ኮሮላ ላይ ያለው ቀበቶ እንዲህ አይደለም። እሱ የሚቆልፈው በድንገት ሲጎተት ወይም መኪናዋ በኃይል ስትቆም ብቻ ነው፤ በሌላ ጊዜ ሁሉ ልቅ ነው። በዚህ ላይ ተራ የአሜሪካ ቤዝ ቢታሰር በየኩርባው እየተንሸራተተ ይላላል፤ ጣርማበር ላይ ደግሞ ከኩርባ በቀር ምን አለ?

መፍትሔ የለውም ማለት ግን አይደለም። አንዳንድ ቤዞች ቀበቶውን ራሳቸው ነክሰው የሚይዙበት መቆለፊያ በላያቸው አላቸው። የቺኮ ኪፊት ቤዝ ለምሳሌ እንዲህ ያለ የቀበቶ መቆለፊያ አለው፤ መቀመጫው በትክክል መጋደሙን የሚያሳይ የውሃ ልክም በጎኑ ተሠርቶለታል። እህትየው የምትልከውን ወደዚህ ዓይነት ብትቀይር ኮሮላዋ ላይ በአግባቡ ይታሰር ነበር። ባልየው በዚህ በጣም ተደስቶ ነበር።

ሁለት ነገር ግን አስቸገረን። አንደኛው፣ ዕቃውን ይዞ የሚመጣው ሰው የሚደርሰው ከወሊዱ በኋላ ነው። ሁለተኛው፣ ይህ ቤተሰብ የሚሄደው በኮሮላዋ ብቻ አይደለም። ደብረ ሲና ሲደርሱ የሚሳፈሩት በአጎት ፒክአፕ ነው፤ ኮሮላዋ ጋራዥ ስትገባ ኮንትራት ታክሲ ይይዛሉ። ቤዙን ከመኪና መኪና እየፈቱ ማሰር ማንም አያደርገውም፤ ስለዚህ መቀመጫው ያለ ቤዝም በደንብ መታሰር አለበት። አብዛኛው የአሜሪካ ሕፃን መቀመጫ ያለ ቤዝ ሲታሰር የሚይዘው የወገቡ ቀበቶ ብቻ ነው፤ በልቅ ቀበቶ ላይ ይህ ተጨማሪ መቆንጠጫ ይፈልጋል። የአውሮፓው ዓይነት ግን የወገቡን ቀበቶ በሕፃኑ እግር በኩል ያሳልፍና የትከሻውን ቀበቶ በመቀመጫው ጀርባ ዞሮ እንዲያቅፍ ያደርገዋል። እንዲህ ሲሆን ልቅ ቀበቶም ቢሆን መቀመጫውን ከሁለት በኩል ይዞት ይቆያል። የእኛ ዓይነት መኪና ላይ የምመርጠው ይህንን ነው።

ቤዝ ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ይህን መካድ አልፈልግም። በተለይ የአይሶፊክስ ቤዝ በትክክል ሲገባ አረንጓዴ ምልክት ስለሚያሳይ ተሳስቶ የማሰር ዕድሉ ይቀንሳል። በየቀኑ የሚያስር ሰው የደከመ፣ እንቅልፍ ያጣ አዲስ ወላጅ መሆኑን ካሰብን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዋጋው ግን የመቀመጫውን ያህል ሊደርስ ይችላል፤ ሕፃኑን በግጭት ጊዜ የሚያቅፈው ደግሞ መቀመጫው ነው። ያለን ገንዘብ ውሱን ከሆነና መኪናችን ማንጠልጠያ ከሌለው ገንዘቡ ወደ መቀመጫው ይሂድ፤ ያለ ቤዝ ማሰሩን ደግሞ እጃችን እስኪለምደው እንለማመደው።

በመጨረሻ እህትየው ጋር ተደወለ። ባልየው የቀበቶውን ነገር እንዳስረዳት ጠየቀኝ፤ አስረዳኋት። ትንሽ ዝም አለችና "እንግዲያው ብሩን ልላክላችሁ፤ እናንተ ከመኪናው ጋር ለክታችሁ ግዙ" አለች። ጋሪውም ቢሆን በሰፈራችን ኮብልስቶንና በክረምቱ ጭቃ ላይ ብዙ እንደማይሄድ እሷው ራሷ አነሳችው።

የባልደረባው መቀመጫ ጉዳይ በአጭሩ አለቀ። የተሠራበት ቀን የተጻፈበት ምልክት ተልጦ ጠፍቷል፤ መመሪያ የለውም፤ አደጋ ደርሶበት ያውቅ እንደሆነ ባለቤቱም ከሌላ ሰው ስለተቀበለው አያውቅም። ፕላስቲክ በዓመታት ሙቀትና ብርድ ይደክማል፤ አምራቾች ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ዓመት የአገልግሎት ዘመን የሚወስኑት ለዚህ ነው። ግጭት ያየ መቀመጫ ደግሞ ከውጭ ምንም ሳይታይበት ከውስጥ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ታሪኩ የሚታወቅ፣ ከወንድም ወይም ከእህት የመጣ፣ ዘመኑ ያላለፈ ቢሆን ኖሮ በደስታ እንቀበለው ነበር።

ገበያው

ሐምሌ ላይ ባልየውና እኔ ኮሮላዋን ይዘን 130 ኪሎ ሜትሩን ወደ አዲስ አበባ ወረድን። መኪናውን ይዞ መሄዱ ግድ ነበር፤ መቀመጫውን መኪናው ውስጥ አስሮ ለማየት የማይፈቅድ ሱቅ ውስጥ ላለመግዛት ተስማምተናል።

ቦሌ አካባቢ በየሱቁ ብዙ ዕቃ አየን። ከታየው ውስጥ ቀላል የማይባለው ካር ሲት የሚመስል ግን ያልሆነ ነው። እጀታ አለው፣ ጨርቁ ያምራል፣ ሕፃኑን የሚይዝ ቀጭን ማሰሪያም አለው፤ ነገር ግን የመኪና ቀበቶ የሚያልፍበት መንገድ የለውም። ይህ ቤት ውስጥ ሕፃን ማወዛወዣ ነው። ሌላው ወንበር ላይ የሚታሰር፣ ከስፖንጅና ከጨርቅ ብቻ የተሠራ ትራስ መሰል ነገር ነው። ለአራስ ሕፃን ቀርቶ ለትልቅ ልጅም አይሆንም።

እውነተኛውን ከሌላው የሚለየው የማረጋገጫ ምልክቱ ነው። በአውሮፓ ደንብ የተፈተነ መቀመጫ ብርቱካናማ ወረቀት ተለጥፎበት በክብ ውስጥ "ኢ" (E) ፊደልና የአገር ቁጥር ይኖረዋል። አሮጌው ደንብ አር 44 ሲሆን ልጁን በክብደት ይመድባል፤ ለሕፃን የሚሆነው ምድብ እስከ 13 ኪሎ ነው። አዲሱ አር 129 ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን ልጁን በቁመት ይመድባል፣ የጎን ግጭትንም ይፈትናል፣ ልጁ ቢያንስ 15 ወር እስኪሞላው ወደ ኋላ ዞሮ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። በአውሮፓ ሱቆች እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ወዲህ አዲስ የአር 44 መቀመጫ አይሸጥም፤ ወደ እኛ ገበያ ግን ገና ብዙ ይመጣል ብዬ እጠብቃለሁ። ምልክቱ እውነተኛ፣ መቀመጫውም አዲስ ከሆነ አር 44ም ሕፃን ያድናል። ከቻይና የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የ3ሲ ምልክት ይፈለግ፤ ቻይና እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2015 ጀምሮ ያለዚህ ምልክት የልጅ መቀመጫ እንዳይሸጥ ከልክላለች።

መጀመሪያ የወደድነው መቀመጫ አር 129 ነው፤ ከውጭ ሲታይ እንከን የለውም። ሻጩ ፈቅዶልን ወደ መኪናው ወሰድነው። የወገቡን ቀበቶ በሰማያዊዎቹ መንገዶች አሳልፈን (በነዚህ መቀመጫዎች ላይ ወደ ኋላ ሲዞር የሚያገለግለው የቀበቶ መንገድ ሰማያዊ ቀለም አለው)፣ የትከሻውን በጀርባው ልናዞር ስንል ቀበቶው አልደረሰም። ጥቂት ጣት ያህል ቀረው። ባልየው በኃይል ሊጎትተው ሞከረ። የቀረው ርቀት ግን በጉልበት የሚሞላ አይደለም፤ ቀበቶው ካልደረሰ ያ መቀመጫ ለዚያች መኪና አልተሠራም ማለት ነው።

ሌላ ሱቅ ያገኘነው ጀርባው ጠበብ ያለ ነው። ቀበቶው ዞሮ ደረሰ፣ ትንሽም ተረፈ። መኪናዋን ሜዳ ቦታ ላይ አቁመን የመጋደሙን መስመር አየን፤ በመቀመጫው ጎን ላይ የተሳለው መስመር ከመሬቱ ጋር እኩል ነው። ይህ ለአራስ ሕፃን ከሁሉም በላይ የሚያስፈልግ ነገር ነው። መቀመጫው በጣም ከቆመ ጭንቅላቷ ወደ ደረቷ ይወድቅና አየር መንገዷ ይታጠፋል። ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ይዘን ወዲያና ወዲህ ስንገፋው የሚንቀሳቀሰው ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው። የቁመት ገደቡ 85 ሴንቲ ሜትር መሆኑም አስደሰተን፤ እስከ 75 የሚሄደውን ብንገዛ አንዳንድ ልጅ 15 ወር ሳይሞላው ያልፈዋል። ገዛነው። ቤዝ ሊሸጥልን የፈለገው ልጅ ማንጠልጠያ እንደሌለ ስናሳየው ተወን።

እማማ

የሚስትየው እናት ልጃቸውን ሊያርሱ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከደብረ ሲና መጡ። መቀመጫውን ሲያዩ ደስ አላላቸውም። "አራስ ልጅ ከእናቷ እቅፍ ወጥታ እንደ ዕቃ ትታሰር?" አሉ። ሰባት ልጅ ወልደው፣ ሁሉንም አቅፈው በዚያ መንገድ ተመላልሰዋል፤ አንድ ቀን እንኳ ልጅ ከእጃቸው አልወደቀም። ይህንን ማንም በንቀት ሊሰማው አይገባም። የእሳቸው ልምድ እውነት ነው፤ ምን ላይ እንደሚያበቃ ብቻ ነው ማስረዳት የነበረብኝ።

ሾፌር እስከ መጨረሻው ፍሬን ሲይዝ 5 ኪሎ ሕፃንን ወደ ፊት የሚገፋት ኃይል ከራሷ ክብደት ብዙም አይበልጥም። ጠንካራ እጅ ይህን ይይዛል፤ እማማም ዕድሜያቸውን ሙሉ ይዘውታል። ግጭት ግን ሌላ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ተጋጭታ በአንድ ሴኮንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ብትቆም ያችው 5 ኪሎ ሕፃን የምትጎትተው 70 ኪሎ ያህል ሆና ነው። ያንን በድንገት፣ ባላሰበበት ቅጽበት የሚይዝ ክንድ የለም። እናት ቀበቶዋን አስራ ልጇን ብታቅፍ ልጅቷ ትበራለች። ሁለቱን በአንድ ቀበቶ ማሰር ደግሞ የባሰ ነው፤ የእናትየው ሰውነት በዚያው ስሌት ብዙ መቶ ኪሎ ሆኖ ሕፃኗን ከቀበቶው ጋር ይጨፈልቃታል። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር በትክክል የታሰረ የሕፃን መቀመጫ ከአንድ ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ የሞት አደጋን በ71 በመቶ እንደሚቀንስ ያስቀምጣል።

እማማ ቁጥሩን በትዕግሥት ሰሙኝ። ያሳመናቸው ግን ሌላ ነገር ነው። መቀመጫው ለምን ወደ ኋላ እንደሚዞር ስነግራቸው፣ የሕፃን ጭንቅላት ከቁመቷ ሩቡ እንደሆነ፣ በአዋቂ ግን ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ እንደሆነ፣ የአንገቷም አጥንት ገና እንዳልጠነከረ፣ ወደ ኋላ ከዞረች ግን ጀርባዋ፣ አንገቷና ጭንቅላቷ አንድ ላይ እንደሚደገፉ ስነግራቸው፣ "እንደ አንቀልባ ነው እንዴ? አንገቷ እንዳይወድቅ አጥብቆ፣ ሰውነቷን ሁሉ ደግፎ?" አሉ። አዎ እማማ፣ ልክ እንደ አንቀልባ ነው፤ በአንቀልባም ልጅን የሚይዘው እጅ ሳይሆን ማሰሪያው ነው። ከዚያ በኋላ ተነስተው የመቀመጫውን ማሰሪያ በጣታቸው እየሳቡ መመርመር ጀመሩ።

ከሁላችንም ጥብቅ ተቆጣጣሪ የሆኑት እሳቸው ናቸው። ማሰሪያው ከትከሻዋ እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ካለ ቦታ መውጣቱን፣ በትከሻዋ ላይ በሁለት ጣት ቆንጠጥ ሲደረግ የሚታጠፍ ትርፍ አለመኖሩን አሳየኋቸው። ሕፃኗ ተወልዳ ከሆስፒታል ስትወጣ ባልየው ካሰራት በኋላ እሳቸው ጎንበስ ብለው ቆነጠጡትና "ላልቷል" አሉት። እውነትም ላልቶ ነበር።

ብርድ፣ ጋቢና ጣርማበር

ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል። እዚህ ሕፃን በጋቢና በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ነው የምትወጣው፤ ከካር ሲት ጋር በቀጥታ የሚጋጨውም ይህ ነው። ወፍራም ነገር ለብሳ ብትታሰር ማሰሪያው የጠበቀ ይመስላል፤ በግጭት ጊዜ ግን ልብሱ ውስጥ ያለው አየር ይጨመቅና ማሰሪያው ከሰውነቷ ይርቃል፤ ልጅቷም ከመሃሉ ሹልክ ብላ ልትወጣ ትችላለች። ለዚህ ያደረግነው ቀላል ነው። ልጅቷ ስስ ግን ሙቅ የሆነ ልብስ ለብሳ፣ ኮፍያና የእግር ሹራብ አድርጋ ትታሰራለች፤ ጋቢው ከታሰረች በኋላ ከላይ ይደረብላታል፣ ፊቷ ግን አይሸፈንም። መኪናውን አስቀድሞ ማሞቅም ይረዳል። መጠቅለያ ጨርቅ እግሯን አንድ ላይ ካሰረው በእግሮቿ መሃል የሚያልፈው ማሰሪያ ቦታ አያገኝም፤ ስለዚህ መጠቅለሉ ለመኪና ጉዞ ቀረ።

ለክርስትናው የሄዱት ጠዋት፣ ጉሙ ከገለጠ በኋላ ነው። አራስ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በካር ሲት ውስጥ ከግማሽ ሰዓት በላይ ባትቆይ ይመረጣል፤ ካደገች በኋላም ከሁለት ሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት አይመከርም። በ80 ቀኗ ያ መንገድ በገደቡ ውስጥ ነው፤ ቢሆንም ዳገቱ ሳይጀመር ቆመው አወጧትና ጡት ጠባች፣ እንደገና አሰሯት። እናትየው ከኋላ ከጎኗ ተቀመጠች፣ እማማ ከፊት፣ ሁሉም ቀበቶ አስረው። እግረ መንገዴን ልበለው፦ የትራፊክ ደንቡ የደህንነት ቀበቶን ግዴታ ያደረገው ትራፊክ ፖሊስ እንዲቀጣን አይደለም። ያልታሰረ አዋቂ በግጭት ጊዜ በደንብ በታሰረች ሕፃን ላይ ይወድቃል።

ባልየው ከዋሻው በኋላ በከባድ ማርሽ ወረደ። ደብረ ሲና ሲደርሱ ልጅቷ ተኝታ ነበር። ዘመድ "ከነወንበሩ ይግባና ይቀመጥ፣ አትቀስቅሷት" አለ፤ እናትየው ግን አውጥታ አልጋ ላይ አስተኛቻት። ይህን አስቀድመን ተነጋግረንበታል። ካር ሲት የመኪና ነው፤ ቤት ውስጥ መሬት ላይ ሲቀመጥ የመጋደም ልኩ ይለወጣል፣ ጠረጴዛ ወይም አልጋ ላይ ከሆነ ደግሞ ይገለበጣል። በማግሥቱ ወደ ሸዋ ሮቢት ዘመድ ሊጠይቁ ሲወርዱ የገጠማቸው ብርድ ሳይሆን ሙቀት ነው። ፀሐይ ላይ የቆመው መኪና ውስጥ የማሰሪያው ብረት የሕፃን ቆዳ የሚያቃጥል ሆኖ አገኙት። ከዚያ ወዲህ መኪናው ሲቆም መቀመጫው ላይ ነጠላ ይጣልበታል።

በአጎት ፒክአፕም መቀመጫው ታስሯል፤ ቀበቶው ረጅም ስለነበር ከኮሮላዋ ይልቅ በቀላሉ። የኮንትራት ታክሲዎቹ ግን ብዙዎቹ የኋላ ቀበቶ አይሠራላቸውም። ሚስትየው አሁን መኪና ስትጠራ ከዋጋው በፊት "የኋላ ቀበቶ አለህ ወንድሜ?" ብላ ትጠይቃለች፤ ከሌለው ሌላ ትጠብቃለች።

ልጅቷ ይህን መቀመጫ የምትለቀው 85 ሴንቲ ሜትር ወይም 13 ኪሎ ስትደርስ፣ ወይም ጭንቅላቷ የመቀመጫውን ጫፍ ሊያልፍ ሲቃረብ ነው። እግሯ የወንበሩን መደገፊያ መንካቱ ምልክት አይደለም፤ ሕፃናት እግራቸውን አጥፈው ይመቻቸዋል። የሚቀጥለው መቀመጫም ወደ ኋላ የሚዞር፣ ለትልቅ ልጅ የሚሆንና በቀበቶ የሚታሰር እንዲሆን ተስማምተናል። ሜሪላንድ ያለችው አክስት የዚያኛውን ወጪ እኔ እችላለሁ ብላለች። የቀኙን ቀበቶ ሙሉ ርዝመት፣ የመቆለፊያውን አንገትና የኋላ ወንበሩን ስፋት ባልየው በሜትር ለክቶ ልኮላታል።